የሐኪሙ ወረቀት ላይ ያለችው ትንሽ መስመር



በየቤታችን "የተማረው ልጅ" ተብለን ስንጠራ አብሮ የሚመጣ ሥራ አለ። የምንማረው ስለ ኮንክሪትና ስለ ኤሌክትሪክ መስመር ቢሆንም፣ ከጅዳም ከሪያድም ከሚኒያፖሊስም የላብራቶሪ ውጤት ፎቶ ተነስቶ የሚላከው ለእኛ ነው። "እስቲ አንብብልኝ፣ ምን ይላል?" ይባላል። ሐኪም አይደለንም ብንልም ማንም አይሰማንም፤ እንግሊዝኛውን ካነበብን ለቤተሰቡ በቂ ነው።

ከእነዚህ ወረቀቶች መካከል ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደጋግመን የምናየው ክብደት ለመቀነስ ለሚደረገው ቀዶ ሕክምና የሚሰጠው የዝግጅት ወረቀት ነው። ዓረብ አገር ያሉ ዘመዶቻችን "ተክሚም" ይሉታል፤ እዚህ ደግሞ "ጨጓራ ማስቆረጥ" የሚል ስም ወጥቶለታል። ወረቀቱ ብዙ ነገር ይዘረዝራል፦ የስኳር ምርመራ፣ የልብ ምርመራ፣ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ባሉት ሳምንታት የሚበላውና የማይበላው። ከታች አካባቢ አንዲት አጭር መስመር አለች፤ ቫይታሚን ዲ ተለክቶ፣ ካነሰ እንዲስተካከል የምታዝ። ሰው ሁሉ ስለ ቀጠሮው ቀንና ስለ ገንዘቡ ሲጠይቅ ያቺ መስመር ትዘለላለች። እኛ ደግሞ ያቺ መስመር እንዳትዘለል ማድረግ የእኛ የተማሪዎቹ ድርሻ ነው እንላለን። ምክንያታችንን እንናገር።

አስቀድሞ ግን ስለ ኦፕራሲዮኑ የሚወራውን ነገር እናንሳ፤ እሱ ሳይጠራ ሌላው አይሰማምና። በየሰፈሩ ሁለት ዓይነት ፍርድ ይሰማል። አንደኛው "ሆዷን መግታት አቅቷት ነው" የሚል ነው። ሁለተኛው ሃይማኖታዊ ልብስ የለበሰ ነው፦ "የአላህን ፍጥረት መቀየር ነው" ይባላል። ሁለቱም በችኮላ የሚሰጡ ፍርዶች ናቸው። ይህ ሕክምና መልክ ለማሳመር ተብሎ ለማንም የሚሰጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1991 በአሜሪካ በወጣው መመሪያ መሠረት ክብደት በቁመት ተሰልቶ የሚገኘው መለኪያ 40 እና ከዚያ በላይ የሆነበት፣ ወይም 35 ሆኖ እንደ ስኳር ያለ ከባድ በሽታ የተጨመረበት ሰው ነበር የሚታሰብለት። እ.ኤ.አ. በ2022 የሙያው ማኅበራት መመሪያውን አሻሽለው 35 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው ሁሉ፣ ተጨማሪ በሽታ ባይኖርበትም፣ ሕክምናው ይመከራል ብለዋል። ይህን የሚያደርግ ሰው ብዙ ጊዜ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ እንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽ መቆራረጥ፣ ሱጁድ መውረድን የሚከለክል የጉልበት ሕመም አለበት። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በሽታን ያወረደ ጌታ መድኃኒትንም እንዳወረደ አስተምረውናል፤ መታከምንም አዘዋል። ፈትዋ የእኛ ሥራ አይደለም፤ የሚጠራጠር ሰው የታመነ ዓሊም ይጠይቅ። ነገር ግን ዓሊሙ ዘንድ ሲኬድ "ለውበት ነው" ተብሎ ሳይሆን ሐኪሙ የጻፈው ምክንያት ተነግሮ ነው መጠየቅ ያለበት። ጥያቄው ከተዛባ መልሱ ምን ያደርግ?

ወደ ቫይታሚኑ እንመለስ። ቫይታሚን ዲ ከሌሎቹ ቫይታሚኖች የሚለየው ዋናው ምንጩ ምግብ ሳይሆን ፀሐይ መሆኑ ነው። ከፀሐይ የሚመጣው በዓይን የማይታይ ጨረር፣ በተለይ የሞገድ ርዝመቱ ከ290 እስከ 315 ናኖሜትር የሆነው፣ ቆዳችን ውስጥ ያለውን ከኮሌስትሮል ጋር ዝምድና ያለው ንጥረ ነገር ሲመታው ቫይታሚን ዲ ይሠራል። ከዚያ ጉበት አንዴ ይለውጠዋል፣ ኩላሊት ሁለተኛ ይለውጠዋል፤ ሥራ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ዋና ሥራው ከምንበላው ምግብ ውስጥ ካልሲየም ወደ ደም እንዲገባ ማድረግ ነው። ቫይታሚኑ በበቂ ካለ ከምንበላው ካልሲየም ከ30 እስከ 40 በመቶው ይገባል፤ ከሌለ ከ10 እስከ 15 በመቶው ብቻ። ወተት ጠጥቶ ጥቅሙን አለማግኘት ማለት ይኼ ነው።

አሁን ጉዳዩ ከውፍረት ጋር የሚገናኝበትን ቦታ እንይ። ቫይታሚን ዲ በስብ ውስጥ የሚሟሟ ነው። ስለዚህ ሰውነት ውስጥ ስብ ሲበዛ ቫይታሚኑ ወደዚያ ተበትኖ ይቀመጣል፤ ደም ውስጥ የሚዞረው ያንሳል። አንድ ባልዲ ውኃ ጠባብ በርሜል ውስጥ ሲገባና ሰፊ ገንዳ ውስጥ ሲገባ ከፍታው እኩል እንደማይሆን አስቡት። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ወፍራም ሰዎችንና ያልወፈሩትን ተመሳሳይ ጨረር ካሳየ በኋላ ደማቸውን ለክቶ ነበር። በወፈሩት ሰዎች ደም ውስጥ የታየው የቫይታሚን ጭማሪ ከሌሎቹ በ57 በመቶ ያነሰ ነበር። ቆዳቸው ቫይታሚኑን መሥራት አላቃተውም፤ የተሠራው ወደ ደም አልደረሰም እንጂ። ለዚህ ነው ለቀዶ ሕክምናው የሚዘጋጁ ሰዎች ሲመረመሩ የቫይታሚን ዲ ማነስ በብዛት የሚገኝባቸው። የሐኪሙ መስመርም የምትጻፈው በዚህ ምክንያት ነው።

"ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ቢወሰድስ?" የሚል አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሁለት ዋና ዋና ዓይነት ኦፕራሲዮን አለ። አንደኛው ከጨጓራው ከ75 እስከ 80 በመቶውን ቆርጦ ቀጭን ቱቦ ማስቀረት ነው፤ ተክሚም የሚባለው ይኼው ነው። ሁለተኛው ጨጓራውን አሳንሶ ምግቡ የመጀመሪያውን የአንጀት ክፍል ዘልሎ እንዲያልፍ ማድረግ ነው። የሚዘለለው ክፍል ደግሞ ካልሲየም በብዛት የሚገባበት ቦታ ነው። በዚህ ላይ ሰውየው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚበላው ጥቂት ማንኪያ ነው፤ ማቅለሽለሽና ማስመለስም አለ። ጎተራው ባዶ ሆኖ እዚህ ውስጥ የገባ ሰው በኋላ ልሙላ ቢል መሙያው መንገድ ራሱ ጠብቧል።

ደም ውስጥ ካልሲየም ሲያንስ ሰውነት ዝም አይልም። አንገታችን ውስጥ ፓራታይሮይድ የሚባሉ አራት ትናንሽ ዕጢዎች አሉ፤ እነሱ ሆርሞን ያመነጩና ካልሲየም ከአጥንት እንዲወጣ ያዝዛሉ። ልብና ጡንቻ ያለ ካልሲየም መሥራት ስለማይችሉ ሰውነት አጥንትን ይሠዋል። የምሰሶ ብረት እየመዘዙ ጣሪያ እንደመጠገን ነው። ለጊዜው ቤቱ ቆሞ ይታያል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሰውየው ኪሎው ቀንሶ፣ ስኳሩ ወርዶ፣ አጥንቱ ግን ሳስቶ ይገኛል። አጥንት እስኪሰበር ድረስ አያሳውቅምና ብዙዎች ነገሩ የሚገባቸው ዘግይቶ ነው።

እዚህ ላይ "እኛ እኮ የአሥራ ሦስት ወር ፀጋ አገር ሰዎች ነን፣ ፀሐይ መች አጣን" የሚለውን መልስ ደጋግመን ሰምተናል። ፀሐይ መኖሩና ፀሐይ ማግኘት ግን የተለያዩ ናቸው። በአዳማ ከተማና በዙሪያው ገጠር በሚማሩ ልጆች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ከልጆቹ 42 በመቶው ቫይታሚን ዲ እንዳነሳቸው አሳይቷል። የከተማዎቹ 61.8 በመቶ፣ የገጠሮቹ 21.2 በመቶ። ሰማዩ አንድ ነው፤ ልዩነቱ የኑሮ ነው። በዚያ ጥናት የሰውነት ስብ መብዛትም ከማነሱ ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። ባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ ፀሐይ እንደ እሳት የሚነድባቸው ሆነው ሳለ የቫይታሚን ዲ ማነስ በሰፊው የሚታይባቸው ናቸው፤ ሰው ከኤሲ ቤት ወደ ኤሲ መኪና፣ ከመኪናው ወደ ኤሲ ሱቅ ነውና የሚኖረው። በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ እህቶቻችንማ በሩን ከፍቶ መውጣትም በፈቃድ የሆነባቸው ብዙ ናቸው። ሰሜን አሜሪካ ያሉት ደግሞ ሌላ ችግር አለባቸው። እንደ ቦስተን ባሉ ከተሞች ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ስለምትሄድ ቆዳ ቫይታሚኑን መሥራት አይችልም፤ ሚኒያፖሊስ ከቦስተንም ወደ ሰሜን ነች። የእኛ ጠቆር ያለ ቆዳ ደግሞ ጨረሩን ስለሚያጣራ ከነጭ ቆዳ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። እነዚህ ሁሉ ባንድ ሰው ላይ ሲደራረቡ፣ በላዩም ውፍረት ሲጨመር፣ ውጤቱን መገመት አያቅትም።

ስለ ሂጃብ ሳንናገር ብናልፍ እህቶቻችን ይታዘቡናል። ቫይታሚን ዲ ሲነሳ "ተሸፍነሽ ነው" የሚል ሰው ከየትም ይመጣል፤ ካምፓስ ውስጥም ሰምተነዋል። ልብስ ጨረር መከለሉ እውነት ነው፣ አንክድም። ይሁንና ከዚያ ተነስቶ ሂጃቡን ተከሳሽ ማድረግ የችግሩን ግማሽ እንኳ አያይም። ገጠር ያለችው እናታችን ሻርፕ ለብሳ ማሳ ላይ ስትውል ፊቷና እጇ ፀሐይ ያገኛል። ከተማ ያለችው ግን ተሸፈነችም አልተሸፈነችም ቀኑን ሙሉ ክፍልና ላይብረሪ ውስጥ ነች። መስኮት አጠገብ መቀመጥም አያድናትም፤ ተራ መስተዋት ያንን ጨረር ከሞላ ጎደል ያስቀረዋልና። ሙቀቱ ይገባል፣ ብርሃኑ ይገባል፣ የሚፈለገው አይገባም። እንግዲህ ጥያቄው "ለምን ትሸፈኛለሽ" ሳይሆን "ሴቶች ከዓይን ተከልለው ፀሐይ የሚያገኙበት ቦታ የት አለ" የሚል መሆን አለበት። የድሮ ቤቶቻችን ጓሮ ነበራቸው፤ እናቶቻችን ጓሮ ሆነው ቡና ሲለቅሙ እጃቸውን እስከ ክንድ ሰብስበው ነበር። ኮንዶሚኒየምና ዶርም ስንሠራ ያንን ጓሮ ረሳነው። ነገ ሕንፃ የምንነድፈው እኛ ነን፤ ከአራት ጎኑ የተከለለ የሴቶች ሰገነት በንድፍ ላይ መጨመር ከባድ አይደለም። ይህ ቀላል አስተያየት አይደለምና የአርክቴክቸር ወንድሞችና እህቶች ይሰብስቡበት።

ሁለት ወጥመዶች አሉ፤ ወረቀት ለምናነብ ሰዎች ከሁሉ የሚጠቅመው ምናልባት ይኼ ክፍል ነው።

የመጀመሪያው የመለኪያ አሃድ ነው። የቫይታሚን ዲ ውጤት በሁለት ዓይነት አሃድ ይጻፋል፦ ናኖግራም በሚሊሊትር ወይም ናኖሞል በሊትር። አንዱ ናኖግራም ከሁለት ተኩል ናኖሞል ጋር እኩል ነው። ለኦፕራሲዮን ለሚዘጋጁ ሰዎች ሐኪሞች የሚፈልጉት ከ30 ናኖግራም በላይ ነው፤ ይህም 75 ናኖሞል ማለት ነው። አሁን አንድ ዘመዳችን "ውጤቴ 40 ነው፣ ከ30 በላይ ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ" ብላ ብትልክልን ቁጥሩን ብቻ አይተን አብረን ማመስገን የለብንም። 40ው ናኖሞል ከሆነ 16 ናኖግራም ነው፤ ያ ደግሞ ጎድሏል ማለት ነው። አሃድ ሳይታይ ቁጥር ማንበብ ምን እንደሚያመጣ እኛ ከማንም በላይ ልናውቅ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1999 ናሳ ወደ ማርስ የላካት መንኮራኩር የጠፋችው አንዱ ወገን በኒውተን ሌላው በፓውንድ ስላሰላ ነበር። በመጀመሪያ ዓመት ፊዚክስ ክፍል "አሃዱን ጻፉ" ብለው መምህራን የሚቆጡን ለከንቱ አይደለም።

ሁለተኛው የመጠን ወጥመድ ነው። ለጤነኛ ወጣት በቀን የሚመከረው 600 ዩኒት ነው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ በቀን ከ4000 ማለፍ አይመከርም። ፋርማሲ ውስጥ ግን 50,000 ዩኒት የያዘ እንክብል አለ፤ ሐኪም ሲያዝዘው ብዙውን ጊዜ በሳምንት አንድ ተብሎ ነው። ይህን በቀን አንድ አድርጎ የወሰደ ሰው በሳምንት 350,000 ዩኒት ዋጠ ማለት ነው። ቫይታሚን ሲ ቢበዛ አብዛኛው ከሽንት ጋር ይወጣል፤ ዲ ግን በስብ ውስጥ ይከማቻል። ሲበዛ ደም ውስጥ ካልሲየም ከልክ በላይ ይሆናል፤ ጥማት፣ ማስመለስ፣ የኩላሊት ጠጠር፣ ከባሰም የኩላሊት ጉዳት ያስከትላል። "ቫይታሚን ነው፣ ምን ያደርጋል" የሚለው አነጋገር እዚህ ላይ አይሠራም። ስለዚህ ዘመዳችን የእንክብሉን ፎቶ ስትልክ "በቀን ወይስ በሳምንት?" ብሎ መጠየቅ የመጀመሪያው ጥያቄያችን ይሁን፤ ካልተጻፈም ሐኪሟን ትጠይቅ።

የእንክብሉ ጉዳይ ሌላም ነገር ያመጣል። "ጀላቲኑ ከምንድን ነው?" የሚሉ ሰዎች አሉ፤ መጠየቃቸውም ያስመሰግናል። በሚገርም ሁኔታ ቫይታሚኑ ራሱ በብዛት የሚሠራው ከበግ ፀጉር ቅባት ነው፤ ቅባቱ ተጣርቶ ጨረር ይታይበታል። ጥያቄው ያለው ልባሱ ላይ ነው፤ ጀላቲን ከከብትም ከአሳማም ይሠራልና። እ.ኤ.አ. በ1995 በኩዌት በተደረገ የሕክምናና የፊቅህ ጉባኤ ላይ የተሰበሰቡ ዓሊሞች ነገሩ ባሕርዩ ፈጽሞ ከተለወጠ ንጹሕ ይሆናል ወደሚለው አዘንብለዋል፤ ይህን የማይቀበሉ ዓሊሞችም አሉ። ለተግባር ግን ክርክሩን መጨረስ አያስፈልገንም። ቫይታሚኑ በጠብታ አለ፣ በሚዋጥ ደረቅ ክኒን አለ፣ ከከብት ወይም ከዕፅዋት በተሠራ ልባስም አለ። የሚያሳዝነው ሰው በጥርጣሬ ምክንያት ዝም ብሎ መድኃኒቱን ሲተው ነው። ፋርማሲስቱን "ሌላ ዓይነት አለ?" ብሎ መጠየቅ ግማሽ ደቂቃ ነው።

ይህን ሁሉ ስንል ቫይታሚን ዲን የሁሉ ነገር መድኃኒት እያደረግነው አይደለም። በየቴሌግራሙ ካንሰር ያድናል፣ ክብደት ይቀንሳል የሚል ወሬ አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 ውጤቱ የታተመውና ከ25,000 በላይ አሜሪካውያን የተሳተፉበት ትልቅ ሙከራ በቀን 2000 ዩኒት መውሰድ በካንሰርም በልብ በሽታም መያዝን እንዳልቀነሰ አሳይቷል። ክብደትም አይቀንስም። ስለዚህ ኦፕራሲዮን የፈራች ዘመዳችን "በቫይታሚኑ ልሞክር" ካለች እውነቱን ልንነግራት ይገባል። የእኛ ክርክር ጠባብ ነው፤ ጎድሎባቸው ወደ ቢላዋ የሚሄዱ ሰዎች ሳይሄዱ ይስተካከልላቸው ነው የምንለው።

ከኦፕራሲዮኑ በኋላም ነገሩ አያበቃም። መመሪያው በቀን 3000 ዩኒት ቫይታሚን ዲ፣ ደሙ ውስጥ ያለው ከ30 ናኖግራም እስኪያልፍ፣ በተጨማሪም በቀን ከ1200 እስከ 1500 ሚሊግራም ካልሲየም ይላል። ካልሲየሙና የብረት እንክብሉ አንድ ላይ አይዋጡም፤ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይራራቁ። ይህ የዕድሜ ልክ ሥራ ነው። ረመዷን ሲመጣ ደግሞ ጥያቄው ይከብዳል፤ በኢፍጣርና በሱሑር መካከል ይህን ሁሉ እንክብል አራርቆ መዋጥ፣ ጨጓራው የቡና ስኒ ያህል ሆኖ በቂ ውኃ መጠጣት ቀላል አይደለም። አላህ (ሱ.ወ) ለታመመ ሰው ሌላ ቀን እንዲያወጣ ፈቅዶለታል። በቅርቡ ኦፕራሲዮን የሆነች ሴት "ሰው ምን ይለኛል" ብላ ስትጾም ዙሪያዋ ያለነው ሰዎች ድርሻ የለንበትም አንበል።

በመጨረሻ ለጀመዓችን አንድ ሐሳብ እናቅርብ። የሕክምናና የፋርማሲ ተማሪ እህቶችና ወንድሞች አሉን፤ እስካሁን የምንጠራቸው ለደም ልገሳና ለጉዞ የመጀመሪያ እርዳታ ብቻ ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ቅዳሜ ከዐስር በኋላ፣ ከቤተሰብ የተላከ ወረቀት ይዞ የሚመጣ ተማሪ የሚያነብለት ሰው የሚያገኝበት ጠረጴዛ ቢኖረን ምን ይለናል? ሕክምና አይሰጥበትም፤ ምርመራም አይደረግበትም። አሃዱን አይቶ፣ "በቀን ነው ወይስ በሳምንት" ብሎ፣ ለሐኪሙ የሚጠየቁትን ሦስት ጥያቄዎች በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በዓረብኛ ጽፎ መስጠት ነው። የሌላ ሰው የጤና ወረቀት አማና ነውና ስሙ ተሸፍኖ ይምጣ፤ ፎቶውም ግሩፕ ላይ አይለጠፍ። ለእህቶች የሚያነቡ እህቶች ይኑሩ። ጠረጴዛውንና ሁለት ወንበር ከላይብረሪው ጀርባ ካለው ክፍል ማግኘት ይቻላል፤ ቁልፉ ያለው ማን ዘንድ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።